ሰፊውን ማኮብኮቢያ ለናቀው ወንድሜ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤው ያለዚያ አልጀመር ስላለኝ ነው፤ ልብህ እንዳያብጥ። «እህት የለኝም» ማለትህን እማዬ ነግራኛለች። እሺ፣ ደግ አደረግህ። እንግዲያው ይህን የጻፈችልህ የመኪና ወንበር ልብስ የምትሰፋ አንዲት ሴት ናት ብለህ አንብበው። ስደውል ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስለምትዘጋው ነው ወረቀት ያነሳሁት። ልቅደደው ብትልም አትድከም፤ እማዬ ቁርጥራጩን ለቅማ፣ ገጣጥማ፣ ጮክ ብላ ታነብልሃለች። ታውቃታለህ።

አሁን ምን አስነሳት ትል ይሆናል። ፋርማሲስቱ ጓደኛህ የመኪናውን ወንበር ሊያሳድስ መጥቶ «ካፒቴን እንዴት ነው? የዓይን ጠብታው እስካሁን ማለቅ ነበረበት፤ ሌላ ሊወስድለት የመጣ ሰው ግን የለም» አለኝ። ወዲያው ለእማዬ ደወልኩ። መጀመሪያ «ይጨምራል፣ ይጨምራል» አለች። ስነዘንዛት ጊዜ የጠብታውን ካርቶኖች እንኳ ሳትከፍት መስኮቱ ላይ ደርድረሃቸው እንደተቀመጥክ ተነፈሰች። «ተቀይሞ ነው፤ ይበርድለታል» አለችኝ። ማንን ነው የተቀየምከው? ጠብታውን? ሐኪሙ እማዬ እዚያው ቁጭ ብላ እየሰማች ነግሮሃል፤ የጠፋው የዓይንህ ብርሃን አይመለስም፣ የተረፈውን የሚያቆይልህ ግን ይሄ ጠብታ ነው። አንተ ደግሞ እኔን ለመቅጣት ብለህ የተረፈህን ልታጠፋ ተነሳህ። ወይ ጀግንነት! እንዲህ ያለ ቅጣት ከአንተ በቀር ማን ያስበዋል።

እስቲ ከጨዋታህ ልጀምር፤ ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከእሱ ነውና። «ጨዋታ አይደለም፣ ሲሙሌተር ነው በይ» እያልክ ስንት ጊዜ ተቆጥተኸኛል! ሲሙሌተር፣ እሺ። አንድ ጎልማሳ የተማሪዎች ሰርቪስ ሾፌር ከሥራ መልስ የእህቱ ሱቅ ይገባል፤ ከአሮጌ አውቶቡስ ተነቅሎ ወለል ላይ የተተከለ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ቀበቶ ያስራል። ቀበቶ! ወንበሩ እንዳይሄድበት ይሆን? ከዚያ ስክሪን ላይ አውሮፕላን ያሳርፋል። ያንን ወንበር በጥቁር ሌዘር ያለበስኩልህ እኔ ነኝ። ስፖንጅና የሌዘር ጥቅል የማስቀምጥበትን ግማሽ ሱቅ የለቀቅኩልህም እኔው ነኝ። ደንበኞች «ያ ሰውዬ ማነው?» ሲሉኝ «ካፒቴን ነው፤ አሁን ሊያርፍ ስለሆነ ድምፃችሁን ቀንሱ» እላቸው ነበር። እነሱ ይስቃሉ፤ አንተ የምሬን መስሎህ ደረትህን ትነፋለህ።

ማረፊያ ስትመርጥማ አያድርስ ነው። የዓለም ማኮብኮቢያ ሁሉ እዚያ ሳጥን ውስጥ ተሠርቶ ተቀምጦልሃል፤ አውሮፕላን ሮጦ ሮጦ የሚደክምበት፣ ድፍን ሰፈር የሚያሰፍር አስፋልት ሞልቷል። ካፒቴናችን ግን እሱን አይነካም። እሱ የሚፈልገው አጭሩን ነው፤ ጫፉ ገደል፣ ማዶው ቋጥኝ የሆነውን። ጎማው ጠርዙን ከሳተ ክንፉ ዛፍ የሚያጭድበትን ጠባቡን። «ሰፊው ላይ ማንም መንገደኛ ያርፋል» ትል ነበር፣ ከንፈርህን ጠመም አድርገህ። አንድ ጊዜ አብሮህ የሚጫወተው የሒሳብ መምህሩ ጓደኛህ ትልቅ አውሮፕላን ሰፊው ላይ አሳርፎ ደስ ብሎት ሲዞር «ጎሽ፣ አሁን ደግሞ ብስክሌት እናስተምርሃለን» ብለህ ቅስሙን ሰበርከው። ሰውዬው ለሁለት ሳምንት አልመጣም።

መቼም እውነቱን ልመስክር፤ በጠባቡ ላይ አንተን የሚያክል አልነበረም። «ማኮብኮቢያው ሲጠብ ዓይን ይታለላል» ትለን ነበር። «ሰው ገና ከፍ ብሎ ያለ ይመስለውና ሳያስበው ዝቅ ይላል፤ ሲነቃ ገደሉ አፍ ላይ ነው። እኔን ግን አያታልለኝም።» እውነትም አያታልልህም ነበር። ፍጥነቱን ቀንሰህ፣ አፍንጫውን ቀና አድርገህ፣ የጎማውን ጫፍ እዚያችው መጀመሪያዋ መስመር ላይ ታስቀምጠዋለህ። ያን ጊዜ እኔም የስፌት ማሽኔን አቁሜ አይሃለሁ። ኩራት ቢጤም ይሰማኝ ነበር፤ ባልነግርህ ይሻል ነበር ግን ጻፍኩት።

ከዚያ ደግሞ የጎን ስክሪኖቹ ነገር መጣ። ሦስት ስክሪን ነበረህ፤ አንዱ ከፊት፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ። አንድ ቀን ድንገት ተነስተህ «እነዚህን ሁለቱን አንሺልኝ፤ ይረብሹኛል» አልከኝ። «ለምን?» ስልህ «ካፒቴን ወደ ጎን አያይም» አልክ። አቤት ንግግር! ፋርማሲስቱ አጨበጨበ። የሒሳብ መምህሩ ጭራሽ ቤቱ ሄዶ የራሱን የጎን ስክሪኖች ነቅሎ ለወንድሙ ሰጠ፤ ወራት ሙሉ ሲዞር ክንፉን ከተራራ እያላተመ «ገና እየለመድኩት ነው» ይል ነበር። ዓይኑ የታመመ ሰው ያመጣውን ፈሊጥ እንደ ጥበብ ቆጥረው የተከተሉህ እነዚህ ሁለት የተማሩ ሰዎች ትዝ ሲሉኝ እስካሁን አልቅስ ልሳቅ ይጨንቀኛል።

ሰፈሩ ደግሞ ኩራተኛ ብሎህ ነበር። ከጎንህ መጥቶ እጁን የዘረጋልህን ሰው ጥለኸው ታልፋለህ። ጎረቤቴ ልብስ ተኳሿ «ወንድምሽ እንደ ሰው አይቆጥረኝም» ብላ አንድ ሰሞን እኔንም ዘግታኝ ነበር። ልጄማ ጠዋት ጠዋት ከሰርቪስህ ወርዳ ትምህርት ቤቱ በር ጋ፣ በመስኮትህ በኩል ቆማ እጇን ታውለበልብልሃለች። አንተ ፊት ለፊትህን እያየህ መኪናህን ታስነሳለህ። አንድ ቀን «እማ፣ አጎቴ አይወደኝም እንዴ?» አለችኝ። «ይወድሻል፤ ካፒቴን ስለሆነ ነው» አልኳት። ሁላችንም ናቀን እንጂ አላየንም ብለን አላሰብንም። ንቀት እኮ ያምርብህ ነበር፤ ማን ይጠረጥራል?

ያቺ ቅዳሜ መጣች። ተራራው ጫፍ ላይ ያለችውን፣ አንተ የምትወዳትን ቁራጭ መንገድ፣ በጭጋግ አረፍክባት። እነ ፋርማሲስቱ ጮኹ። ቀበቶህን ፈትተህ ተነሳህና «ሌላ ወንድ አለ?» አልክ። አንጀቴን አሳረርከው።

«እስቲ ሰፊው ላይ አርፈህ አሳየን» አልኩህ።

«አንቺ ልጅ፣ ወንበርሽን ስፊ።»

«ፈርቶ ነው» አለ ፋርማሲስቱ፣ ሊያናድድህ።

«እኔ? እኔ ልፍራ? አምጪዋ!»

አመጣሁልህ። በዓለም አለ የተባለውን ሰፊ ማኮብኮቢያ ከፈትኩልህ፤ ፀሐይ የወጣበት፣ ነፋስ የሌለበት፣ የእኔ ሱቅ ያለበት መንገድ ከነሱቆቹ የሚተኛበት አስፋልት። ሽንት ቤት ሄጄ እስክመለስ ታርፋለህ ብዬ ነበር። አንተ ግን መሬቱ ሲቀርብ መቅበጥበጥ ጀመርክ። «ጠርዙስ? ጠርዙ የት ሄደ?» አልክ፣ ለራስህ። ስክሪኑ ላይ የአስፋልቱ ግራና ቀኝ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁለት ፎቅ ያህል ከፍታ ላይ ሳለህ መሬት የደረስክ መስሎህ አፍንጫውን ቀና አደረግኸው፤ አውሮፕላኑ ወደቀ፣ ነጠረ፣ እንደምንም ረግቶ በጎማው መሮጥ ጀመረ። በዚህ መሃል ቢጫ የነዳጅ ቦቴ ከግራ በኩል ብቅ አለ። እኔ ከማሽኔ ጋ ሆኜ፣ ከሱቁ ወዲህ ጫፍ አየሁት። መምህሩ «ቦቴ! ቦቴ!» ብሎ ጮኸ።

«የቱ ቦቴ?» አልክ አንተ።

ሄደህ ተላተምክበት። ስክሪኑ ቀላ። አንተም ወደ እኛ ዞረህ «ከየት መጣ?» አልክ።

እነሱ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ፋርማሲስቱ የሌዘር ጥቅል ላይ ተደፋ። እኔ ግን አልሳቅሁም። «ከየት መጣ?» የምትለውን ቃል ከዚያ በፊት ሰምቼዋለሁ። የሰርቪሱን ጎን የትምህርት ቤቱ በር ምሰሶ ሲልጠው «ከየት መጣ?» ብለሃል። የቆመ ሞተር ብስክሌት ገጭተህ ስትጥልም «ከየት መጣ?» ብለሃል። እኛም «እውነት ነው፣ ሰው እንዲህ መሃል መንገድ ያቆማል?» እያልን ባለሞተሩን ስንረግም ነበር። በዚያ ሰርቪስ የምትሄደው ደግሞ ልጄ ናት።

ሰዎቹ ሲሄዱ «ወንበሩ ላይ ተመለስ» አልኩህ። ስክሪኑ መሃል ላይ የጠመኔ ነጥብ አድርጌ «እሷን ብቻ እያት፤ ቀይ ጨርቅ ከጎንህ አመጣለሁ፣ ሲታይህ ንገረኝ» አልኩ። አንተም «ደግሞ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» እያልክ ተቀመጥክ። ከጆሮህ አቅጣጫ ጀመርኩ። ጨርቁን እያወዛወዝኩ ወደ ፊትህ አመጣሁት። አላየህም። አሁንም ወደፊት ገፋሁት። ነጥቧ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?

«ጀመርሽ?» አልከኝ።

በሌላው ጎንም ያው ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። ጠባቦቹን የምትወዳቸው ጀግና ስለሆንክ አይደለም። ከእነጠርዛቸው ሙሉ ለሙሉ የሚታዩህ እነሱ ብቻ ስለሆኑ ነው። ሰፊውን ስትንቅ የኖርከው ስለማይታይህ ነው። አንተ ግን «ድካም ነው» አልክ። ሞኝህን ፈልግ! ታውቅ ነበር። ምን እንደሆነ ባታውቅም፣ የሆነ ነገር እንደሆነ ሆድህ ያውቀው ነበር፤ ፊትህ ላይ አየሁት።

«ዓይን ሐኪም ጋ ሂድ፤ እስከዚያ እንዳትነዳ» አልኩህ።

«ዓይኔ ደህና ነው። መንጃ ፈቃድ ሳድስ የመጨረሻዋ የፊደል መስመር ሳትቀረኝ አንብቤ ነው የወጣሁት።»

«ፊደል ከፊት ነው የሚቆመው። ልጅ ከጎን ነው የሚመጣው።»

«መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ።»

«ልጆቹንም በቃልህ ታውቃቸዋለህ?»

«ረዳቷ አለች አይደል? ግራ ካለ ግራ ትለኛለች።»

እንግዲህ ይታይህ፤ በጎን የሚመጣውን ሁሉ ለአንዲት ረዳት አስረክበህ፣ መሪውን አንተ ይዘህ፣ የሰው ልጅ ጭነህ ትሄዳለህ ማለት ነው። ብዙ ከጨቃጨቅኩህ በኋላ «እሺ፣ አልነዳም» አልክ። በእሺታህ አምኜ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት የማን ጥሩምባ ነው በሬ ላይ የተሰማው? ያንተ! ልጄ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ልትወጣ ስትል ክንዷን ያዝኳት። «ምን ሆንሽ፣ ልቀቂያት፣ ረፈደብኝ» አልከኝ፣ ዓይንህን ከፊትህ ሳታነሳ። ለመልስ እንኳ ሳትጠብቅ መኪናውን አንቀሳቀስከው። የልብስ ተኳሿ ትንሽ ልጅ ምሳ ዕቃውን ይዞ እየሮጠ ከግራ መጣ። ረዳቷ «ግራ!» ብላ ጮኸች። ፍሬን ያዝክ። የልጁ ምሳ ዕቃ ጎማህ ሥር ገባ፤ ልጁ አልገባም። እጄ ከልጄ ክንድ ላይ ሳይላቀቅ ቆሜ አንተን ጠበቅሁ። ትወርዳለህ፣ ልጁን ታቅፋለህ፣ ቁልፉን ትወረውራለህ ብዬ ነው። አንተ ግን ወደ ረዳቷ ዞረህ «ከየት መጣ?» አልካት። ከዚያ ነድተህ ሄድክ።

እዚያ ላይ ነው የናቅኩህ፣ ወንድም ጋሼ። በዓይንህ አይደለም፤ ሕመም ማንንም አይምርም፣ ነገ በእኔም ይመጣል። የናቅኩህ እያወቅህ መሪ ስለጨበጥክ ነው። ስክሪን ላይ ስትከሰከስ «ድገም» የሚል ቁልፍ ትጫናለህ። የልብስ ተኳሿ ልጅ ቁልፍ የለውም።

አዎ፣ የስምሪት ኃላፊው ቢሮ የሄድኩት እኔ ነኝ። ረዳቷ አይደለችም፤ እሷን ተዋት። ሰውዬው «ምርጥ ሾፌራችን ነው እኮ» አለኝ። «ምርጥ ነው፤ ዓይኑን አስመርምሩት» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ራስህ ታውቀዋለህ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ ዳር ዳሩን በልቶት መሃሉ ቀርቷል አለህ። መሪው ተወሰደብህ። ያለመሪ እንድትሠራ ጋራዡ ውስጥ ቦታ ሲሰጡህ «እኔ የመለዋወጫ ጠባቂ ልሁን?» ብለህ ረግጠህ ወጣህ፣ እማዬ ጉያ ገባህ። እዚያ ሆነህ «ጉሮሮዬን ዘጋችው» ትላለህ አሉ። ልክ ነህ፣ ዘግቼዋለሁ። ያ ልጅ ጎማው ሥር ቢገባ ኖሮ ግን ማን ምን ሊውጥ ነበር? አንተ ትውጥ ነበር? ይቅርታ ትጠይቀኛለች ብለህ ከሆነ መስኮት መስኮት የምታየው፣ ዓይንህን አታድክም። ነገም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ።

እማዬ ስትነግረኝ ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ ተደፍተህ አውሮፕላን ስታሳርፍ ትውላለህ። «ጎበዝ ሆኗል፤ ገመድ በምታክል መንገድ ላይ ያርፋል» አለችኝ፣ ምስኪን፣ ደስ ብሏት። ለእኔ ግን ከዚያችም የጠበበች ስትፈልግ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ስትፈልግ ታየኝ። የትም አትደርስ እኮ! አንድ ቀን ለተረፈህ ብርሃን የምትበቃ ጠባብ መንገድ ትጠፋለች። ያን ጊዜስ በማን ታሳብባለህ? እኔ እንደሆንኩ አንዴ ተጠልቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ አልጠላም።

ልጄ ሁሉንም ታውቃለች፤ ነገርኳት። «አጎትሽ እጅሽን ስታውለበልቢለት ዝም ያለው ጠልቶሽ አይደለም። በዚያ በኩል አይታየውም ነበር» አልኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «ታዲያ የት ብቆም ነው የሚያየኝ?» አለችኝ። መቼም ያንተው ዘር ናት፣ ግትር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔን ያንተ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። በሁለት እጄ ዓይኔን ከግራም ከቀኝም እንድጋርድ አደረገችና ወዲያና ወዲህ እያለች «አሁንስ? አሁንስ?» ትለኛለች። «አየሁሽ» ያልኳት ቦታ ላይ ስትደርስ የልብስ ጠመኔዬን አንስታ ወለሉ ላይ አሰመረችበት። ሁለት ጫማ ብቻ የምታስቆም ጠባብ ሳጥን ናት፣ ከወንበርህ ፊት ለፊት። ደንበኛ በረገጠባት ቁጥር ጠመኔዋን ይዛ መጥታ ታድሳታለች። አንድ ሰውዬ አውቆ ቢረግጥባት ተቆጥታ አስወጣችው፤ ደንበኛ አጠፋችብኝ።

ይሄውልህ፣ ነገሬን ልጨርስ። ከእኔ ጋ አትታረቅ፤ ግድ የለኝም፣ ስትታረቅም አትመችም። ነገር ግን ይህን አንብበህ ስታበቃ ከመስኮቱ ላይ አንዱን ካርቶን አንሳና ክፈት። እማዬ ጭንቅላትህን ደግፋ ትያዝልህ። ጠብታውን ሳትጨምር ወደ ሱቄ እንዳትመጣ፤ በሩን አልከፍትልህም። ጨምረህ ከመጣህ ወንበርህን አልሸጥኩትም፣ ተቀመጥ። ማንንም አትፈልግ፣ ግራ ቀኝም አትበል። ፊት ለፊትህን ብቻ እይ። ልጅቷ እዚያችው ቆማ እጇን ታወዛውዝልሃለች፤ በዚህኛው ጊዜ አንተም እጅህን አንሳላት።

እህት የለኝም ያልካት
እህትህ